ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር፦ የምድጃ ፔሌት ከመግዛትዎ በፊት

በዚህ ገጽ ዘወትር የሚነበበው የምርጫ፣ የእስር፣ የጦርነትና የስደት ጉዳይ እንደ መሆኑ መጠን "ደግሞ ማገዶን እዚህ ምን አመጣው?" የሚል አይጠፋም። ማገዶ የቤተሰብ ገንዘብ፣ የልጆች ጤናና የጎረቤት አየር ጉዳይ ስለሆነ ነው መልሳችን። ከዚህም በላይ አንድን ማኅተም መቼ ማመን እንዳለብን፣ መቼ ደግሞ መጠርጠር እንዳለብን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል።

በአገራችን ክረምት ሲባል የሚታወሰን ዝናብና ጭቃ ነው። በሚኒሶታ፣ በስቶክሆልም ወይም በሙኒክ ግን ክረምት ማለት ወራት የሚዘልቅ የማሞቂያ ሂሳብ ነው። ቤት ገዝተው የገቡ ወገኖቻችን ዘይትና ጋዝ ሲወደድባቸው ፊታቸውን ወደ ፔሌት ምድጃ ሲያዞሩ፣ አንዳንዶችም የገዙት ቤት ከነምድጃው ሲደርሳቸው ይታያል። ምድጃው ምንም ያህል ውድ ቢሆን የሚሠራው እንደሚበላው ነው። መጥፎ ፔሌት የተሰጠው ጥሩ ምድጃ፣ ውሃ የተቀላቀለበት ቤንዚን እንደ ተሞላ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል።

ፔሌት ምንድን ነው?

ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ደርቆና ተፈጭቶ በከፍተኛ ግፊት በብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣ የእንጨት እንክብል ነው። ለቤት ምድጃ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የሚያጣብቀው ሙጫ ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ በግፊቱ ሙቀት ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ እንክብሉን አጥብቆ ይይዘዋል። አንዳንድ ፋብሪካ ጥቂት ስታርች ይጨምራል፤ የአውሮፓ ደረጃም ለተጨማሪ ነገሮች እስከ 2 በመቶ ይፈቅዳል።

ነገሩ የተጀመረው ከነዳጅ ፖለቲካ ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ከደረሰ በኋላ አሜሪካኖች ሌላ ማገዶ መፈለግ ጀመሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያም ጄሪ ዊትፊልድ የተባለ የዋሽንግተን ግዛት የአውሮፕላን መሐንዲስ እንክብሉን በራሱ እየመገበ የሚያነድ የቤት ምድጃ ሠራ። ዛሬ በአውሮፓ የቤት ምድጃ ፔሌት በብዛት በማንደድ ጣሊያን ቀዳሚ ናት።

ከረጢቱ ላይ ምን ይነበባል?

በአውሮፓ በስፋት የሚታወቀው ማኅተም እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን የተጀመረው ኤንፕላስ ነው። ኤ1፣ ኤ2 እና ቢ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ለቤት ምድጃ የሚፈለገው ኤ1 ነው። ኤ1 የሚለው ጽሑፍ በተግባር የሚከተለውን ማለት ነው፦

– አመዱ ከ0.7 በመቶ አይበልጥም። በኤ2 እስከ 1.2፣ በቢ ደግሞ እስከ 2 በመቶ ይፈቀዳል።
– እርጥበቱ ከ10 በመቶ አይበልጥም።
– በከረጢት ሲታሸግ ብናኙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም።
– በጉዞና በመወርወር የማይፈርሰው ቢያንስ 98 በመቶው ነው።
– ርዝመቱ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው።
– አንዱ ኪሎ ቢያንስ 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል።
– አመዱ ከ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቅለጥ አይጀምርም።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አሸዋ ወይም ቅርፊት የበዛበት ፔሌት አመዱ ቶሎ ይቀልጥና ምድጃው ውስጥ ጠጥሮ ድንጋይ ይሆናል። ይህም የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ እሳቱ ይታፈናል፤ መስታወቱ ይጠቁራል።

በአሜሪካ ደግሞ የሚፈለገው ፒ.ኤፍ.አይ. የተባለው የፔሌት አምራቾች ማኅበር የጥራት ምልክት ነው። በዚህ ደረጃ ፕሪሚየም የሚባለው አመዱ ከ1 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ8 በመቶ የማይበልጠው ነው። ስታንዳርድ በሚባለው አመዱ እስከ 2 በመቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ "ፕሪሚየም" የሚለውን ቃል ማንም ነጋዴ በትልቁ ማተም ይችላል። የጥራት ምልክቱ አብሮት ከሌለ ቃሉ ማስታወቂያ እንጂ ደረጃ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ መሠረት የተመሰከረለት ምድጃ ደረጃ የወጣለት ፔሌት እንዲያነድ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ማንኛውንም ማገዶ ከመጨመርዎ በፊት የምድጃውን መመሪያ ያንብቡ፤ ዋስትናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ማኅተሙን ማን መታው?

ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው የሆነበትን ሥርዓት እኛ ኢትዮጵያውያን አሳምረን እናውቀዋለን። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ታዛቢ የሆነ አካል የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ምን ያህል እንደሚያወላዳ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

የፔሌት ማኅተም ዋጋ የሚኖረውም በዚሁ ሚዛን ነው። ኤንፕላስን የሚያስከብረው ከአምራቹ ውጭ የሆነ መርማሪ በየዓመቱ ፋብሪካውን መጎብኘቱ፣ ናሙናው በገለልተኛ ላቦራቶሪ መመርመሩና ያጠፋው ማኅተሙን መነጠቁ ነው። በአሜሪካም ናሙናውን የሚመረምረው ከአምራቹ የተለየ አካል ነው።

ይህ ማለት ግን ከረጢት ላይ የታተመ ምልክት ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ማኅተም ይሰረቃል። በእውነተኛ ኤንፕላስ ከረጢት ላይ ከምልክቱ ጋር የድርጅቱ መለያ፣ ማለትም ሁለት የአገር ፊደላትና ሦስት አኃዞች፣ አብሮ ታትሞ ይገኛል። ይህን ቁጥር በኤንፕላስ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው የማን እንደሆነ ማየት ይችላሉ። ቁጥሩ ከሌለ፣ ወይም ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ከሆነ፣ ወይም ፈቃዱ የተነሣበት ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት። ድረ ገጹ ማኅተሙን ያለ ፈቃድ ሲጠቀሙ የተገኙትን ስም ጭምር ያወጣል።

የእ.ኤ.አ. 2022 ትምህርት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ሩሲያ በየካቲት ወር ዩክሬንን ስትወር የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ የሩሲያን እንጨትና የእንጨት ውጤቶች ማስገባት ከለከለ። ጋዝ ጠፋ፣ ሕዝቡም ወደ ማገዶ ጎረፈ። በጀርመን ከአንድ ዓመት በፊት ከ300 ዩሮ በታች ይሸጥ የነበረው አንድ ቶን ፔሌት በዚያ መስከረም ከ700 ዩሮ በላይ ሆነ። ወዲያውም የሐሰት መደብሮች በኢንተርኔት እንደ አሸን ፈሉ፤ በግማሽ ዋጋ እንሸጣለን ብለው ገንዘቡን በቅድሚያ ከተቀበሉ በኋላ ይሰወሩ ነበር። የሸማቾች ጥበቃ ማዕከላት ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ምክራቸው ዛሬም ይሠራል፦ ከገበያው እጅግ የራቀ ዋጋ ካዩ፣ ሻጩም በቅድሚያ ባንክ ካልላኩልኝ የሚል ከሆነ፣ አድራሻውንና የንግድ ምዝገባውን ሳያጣሩ ሳንቲም አይላኩ።

በእጅ፣ በአፍንጫና በወንፊት

አገር ቤት ከሰል የገዛ ሰው ማዳበሪያው አፍ ላይ ጥሩ ጥሩው ተደርድሮ ከታች ብናኝ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ አፉን አይቶ አይገዛም፤ እስከ ታች ይፈትሻል። ያ ልማድ እዚህም ይጠቅማል። አንድ ቶን ከማዘዝዎ በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት አንዳንድ ከረጢት ገዝተው ቤትዎ ውስጥ ይሞክሩ።

አንደኛ፣ በዓይን ይዩት። ጥሩ ፔሌት ገጽታው ለስላሳና አንጸባራቂ፣ ቁመቱም ተመጣጣኝ ነው። ከመጠን በላይ ረዥሞች ከበዙ ወደ እሳቱ በሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት ላይ ተጋድመው መንገድ ይዘጋሉ። በቀለሙ ግን አይፍረዱ። ጥቁረት የቅርፊት ምልክት ሊሆን ቢችልም ከእንጨቱ ዓይነት ወይም ከአደራረቁ ሊመጣም ይችላል። ንጣትም በራሱ የጥራት ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያሽትቱት። የንጹሕ እንጨት ሽታ ሊኖረው ይገባል። የቀለም፣ የሙጫ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ይመልሱት።

ሦስተኛ፣ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት እንክብሎች ይጣሉ። በደንብ የተጠቀጠቀው ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከደቂቃዎች በኋላም አብጦ ወደ ሰጋቱራነት ይመለሳል። የሚንሳፈፍ ከሆነ በደንብ አልተጠቀጠቀም።

አራተኛ፣ አንድ ሙሉ ከረጢት በወንፊት ነፍተው ብናኙን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። በ15 ኪሎ ከረጢት ላይ 0.5 በመቶ ማለት 75 ግራም ነው። በጉዞ ጥቂት መጨመሩ ያለ ነው። ብናኙ ሩብ ኪሎ ከደረሰ ግን የገዙት ፔሌት ሳይሆን ሰጋቱራ ነው።

አምስተኛ፣ ነበልባሉንና አመዱን ይመልከቱ። ምድጃውን በደንብ ጠርገው ከአንዱ ዓይነት አንድ ከረጢት ያንድዱ፤ እንደገና ጠርገው ሌላውን ያንድዱ። ደማቅ ቢጫና ንቁ ነበልባል፣ ጥቂትና ቀላል አመድ ጥሩ ምልክቶች ናቸው። የሰነፈ፣ ብርቱካንማና ጭሳም ነበልባል መጥፎ ምልክት ነው። ሁለቱም ፔሌቶች ተመሳሳይ ችግር ካሳዩ ግን ጥፋቱ የምድጃው ወይም የጭስ ማውጫው ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ። ያልጠረጉትን ምድጃ ይዞ ሻጩን መክሰስ ፍትሕ አይደለም።

ርካሹ ሲወደድ

ስሌቱን እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በክረምት 3 ቶን፣ ማለትም ባለ 15 ኪሎ 200 ከረጢት ያነዳል እንበል። በከረጢት 50 ሳንቲም የሚረክሰውን ቢመርጥ 100 ዩሮ ያተርፋል። ነገር ግን አመዱ 0.7 በመቶ ከሆነው የሚወጣው አመድ 21 ኪሎ ሲሆን 2 በመቶ ከሆነው 60 ኪሎ ነው። ሦስት እጥፍ ገደማ መጥረግ፣ የታፈነ እሳትና ከዚያም የጥገና ባለሙያ ጥሪ ይከተላል። ትርፉ በአንድ ጥሪ ያልቃል።

የእንጨቱ ዓይነት በሙቀት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ከጥድና ከዝግባ መሰል ዛፎች የተሠራው በኪሎ ሲታይ ከጠንካራ እንጨት ፔሌት አያንስም፤ እንዲያውም በሙጫው ምክንያት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ "የኦክ ፔሌት ነው" ተብለው ብቻ ተጨማሪ አይክፈሉ።

ዋጋ ሲያወዳድሩ በከረጢት ሳይሆን በኪሎ ያስሉ። የአሜሪካ ከረጢት 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአሜሪካ ቶን ደግሞ 907 ኪሎ ብቻ ነው። ከዘይት ጋር ለማነጻጸር 2 ኪሎ ፔሌት ከ1 ሊትር የማሞቂያ ዘይት ጋር የሚቀራረብ ሙቀት እንደሚሰጥ ያስታውሱ። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው የሚቀንሰው ብርዱ ካለፈ በኋላ በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ማስቀመጫ ያለው ያኔ ይግዛ።

ከገዙ በኋላ

ፔሌት ጠላቱ ውሃ ነው። ከረጢቶቹን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሥተው በጣውላ ላይ፣ ዝናብና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይደርድሩ። ደረሰኙንና አንድ ባዶ ከረጢት ያስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃዎ እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። አዲስ የተመረተ ፔሌት ሳይነድም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን፣ በ2011 ደግሞ በስዊዘርላንድ ወደ ትልልቅ የፔሌት ማከማቻ ክፍሎች የገቡ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሕይወታቸው አልፏል። ጥቂት ከረጢት በተናፈሰ ቦታ ማስቀመጥ እንደዚያ አያሰጋም። በጅምላ በተሞላ ዝግ ክፍል ውስጥ ግን በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይግባ፤ ብቻውንም አይግባ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ያደረሰውን ሐዘን ሰምቶ ያላደገ በመካከላችን የለም፤ ይህም ያው ሽታ የሌለው ገዳይ ነው። ምድጃው ያለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊኖረው ግድ ነው። የምድጃው ማራገቢያ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጭስ ወደ ቤት ሊመለስ እንደሚችልም አይርሱ።

ባጭሩ፣ ምልክቱን ያንብቡ፣ ቁጥሩን ያጣሩ፣ በወንፊት ይንፉ። መርማሪውን ከተመርማሪው የሚለይ ሥርዓት ባለበት አገር እየኖሩ በዚያ መብት አለመጠቀም ገንዘብን እሳት ውስጥ መጨመር ነው። እኛም ከመንግሥት የምንጠይቀውን ግልጽነት ከማገዶ ሻጭም እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።