ወደ ዐሸዋ ኰረብቶች የአንድ ቀን ጕዞ

በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ ነፋስ ከሜዳው እያነሣ በተራሮች ግርጌ የከመረው ዐሸዋ አለ። ከፍታው እስከ 225 ሜትር የሚደርስ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ ካሉት የዐሸዋ ኰረብቶች ሁሉ ይበልጣል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 ዓመት በመንግሥት እንዲጠበቅ ተደነገገ፤ በ2004 ዓመትም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

እኛም ባለፈው ሰኔ በዴንቨር ከሚኖሩ ወዳጆቻችን ጋራ ልናየው ሄድን። መንገዱ በአውቶሞቢል አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ በንጋት መነሣት ይገባን ነበር፤ ነገር ግን በረካው ሳይጠጣ አንነሣም ብለን ስለ ዘገየን በቀትር ደረስን።

የወዳጃችን ትንሽ ልጅ ከኰረብቶቹ ግርጌ በሚፈሰው በሜዳኖ ጅረት ጫማዋን አውልቃ ስትጫወት ቈየችና በባዶ እግሯ ወደ ዐሸዋው ሮጠች። ጥቂት እንደ ሄደች ጮኸች። አባቷ ፈጥኖ ተሸክሞ ወደ ውሀው መለሳት፤ ውስጥ እግሯ ግን ቀልቶ ነበር። በሙቀት ወራት የዐሸዋው ገጽ እስከ 65 ዲግሪ እንደሚግል የተረዳነው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ማታ ዐሸዋው ሲበርድ፥ ልጂቱ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ኰረብታውን አየች። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የታላላቆቹ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ የሚሄድ ሁሉ በማለዳ ይድረስ፤ የልጆቹንም ጫማ ከእግራቸው አያስወልቅ።