የፒላተስ እንቅስቃሴ ለፈረስ ጋላቢዎች የሚሰጠው ጥቅም

ፈረስ በእርጋታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እንዲሁም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። ይህ እንቅስቃሴ በኮርቻው በኩል ወደ ጋላቢው ዳሌ ይተላለፋል። ዳሌው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግፊቱ ይበርዳል፤ ከደረቀ ግን የእርምጃው ጫና በወገብ አከርካሪ ላይ ያርፋል። በሶምሶማ ጊዜ ጫናው ይብሳል። ጋላቢዎች ስለ ወገብ ሕመም ከሚያማርሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጀማሪ ጋላቢ መውደቅን ስለሚፈራ ኮርቻውን በጉልበቱ አጥብቆ ይይዛል፤ ትንፋሹንም ይቋጥራል። የውስጥ ጭን ጡንቻዎች ሲኮማተሩ መቀመጫው ከኮርቻው ይነሳል፤ ሚዛኑም ይዛባል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ዛቡን ሲጎትት ልጓሙ የፈረሱን አፍ ያሳምማል፤ ፈረሱም በበኩሉ ጀርባውን ያደርቃል። «ጠበቅ አድርገህ ያዝ» የሚለው የተለመደ ምክር፣ በበጎ ፈቃድ ቢሰጥም፣ ችግሩን የሚያባብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የፒላተስ ዘዴ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ፒላተስ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታኒያ በግዞት ከቆየ በኋላ ዘዴውን በኒውዮርክ አስተምሯል። እርሱ ራሱ «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር። ዘዴው ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር በማቀናጀት ጥልቅ የሆኑትን የሆድ ጡንቻዎች፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ትናንሽ ጡንቻዎች፣ ድያፍራምንና የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ያሠራል። ለጋላቢ የሚፈለገውም ይህ ነው፤ ግንዱ ጸንቶ ዳሌውና እግሮቹ ዘና ብለው መንቀሳቀስ መቻላቸው።

ለመጀመር መሣሪያ አያስፈልግም። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን በማጠፍ ዳሌን ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ከዚያም ዳሌን ከመሬት ማንሳት ይቻላል። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን፣ ቀጥሎም ተቃራኒዎቹን መዘርጋት በተለይ ይጠቅማል፤ አንድ ጎኑ የደከመ ጋላቢ ወዲያውኑ ስለሚታወቅ። ሁልጊዜ በግራ እርካብ የሚወጣ ሰው እንዲህ ያለ መዛባት ቢታይበት አያስደንቅም።

ማስረጃውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ፒላተስ ለወገብ ሕመም ከአነስተኛ ሕክምና የተሻለ መሆኑን ቢያመለክትም፣ ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም። ስለዚህ ታካሚው የሚወደውንና የሚዘወትረውን እንቅስቃሴ መምረጥ ተገቢ ነው።

በአገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በአገው አዊና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ፈረስ ለበዓልም ለመጓጓዣም ያገለግላል፤ የወገብ ሕመም ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን ሰው ፈረስ ይጋልብ እንደሆነ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም።

እንቅስቃሴ ከማዘዝ በፊት ግን ታካሚው ወድቆ እንደነበር መጣራት አለበት። ከመውደቅ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም ስብራት ሊሆን ይችላል። በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መሽናት አለመቻል ወይም የእግር መድከም ከታየ ታካሚው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች ወገብን ወደ ፊት የሚያጎብጡ እንቅስቃሴዎች አይመከሩም፤ ነፍሰ ጡሮችም አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።