«አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሁለተኛው ያደርሰናል?» ሄሊኮፕተር ለመግዛት ላሰብን ሁሉ

ባለፈው ሰሞን በዙም በተደረገ የአንድ አካባቢ ተወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ ለመንዝና ለአካባቢው ሕዝብ የድንገተኛ ሕመምተኛ ማመላለሻ የሚሆን ሄሊኮፕተር መግዛት። ከሜሪላንድ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ሰው ገብቷል። ሐሳቡን የተቃወመ አልነበረም። ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ሲሮጡ ያላየ ከእኛ መካከል ማን አለ?

እኔ ጀርመን አገር በሄሊኮፕተር ጥገና ስለምተዳደር ቴክኒኩን እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። ቀላል ባለ ሁለት ሞተር የሚባሉትን ሦስት ዓይነቶች በሰንጠረዥ አቀረብኩ፤ የኤርባስን ኤች 135፣ የቤልን 429 እና የሊዮናርዶን ኤደብልዩ 109። ክርክሩ በፍጥነት፣ በመቀመጫ ብዛትና በዋጋ ላይ ሆነ። እኔ ራሴ ያዘነበልኩት ወደ ፈጣኑ ኤደብልዩ 109 ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ዕድል ጠየቁ። «ልጄ፣ እላይ ሆነን አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሁለተኛው ያደርሰናል?» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ «አዎ እማማ፣ ለዚያ እኮ ነው ሁለት የሆነው» አልኳቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መልሴ ለሃምቡርግ የሚሆን እንጂ ለመሐል ሜዳ የሚሆን አልነበረም። ይህን የምጽፈው መልሴን ለማረም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄሊኮፕተር ብዙ ጉልበት የሚፈልገው በፍጥነት ሲበር ሳይሆን አየር ላይ ቆሞ ሲንሳፈፍ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ሲሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ መንገድ ላይ እያለ አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው ሞተር ለመቀጠል የተሻለ ዕድል አለው። ጭንቁ የሚመጣው ከጠባብ ሜዳ ሲነሳና ወደ ጠባብ ሜዳ ሲወርድ ነው። አምቡላንስ ደግሞ ሥራው ሁሉ እዚያው ላይ ነው። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ የቀረው ሞተር ለ30 ሴኮንድና ለ2 ደቂቃ ብቻ ከልኩ በላይ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። ከዚያ በኋላ ወይ መውጣት ነው ወይ ማረፍ።

አሁን አየሩን እንይ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን አየሩ የባሕር ወለልን አየር 73 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል። በስስ አየር ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ክንፉም የሚይዘው አየር ያጣል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚቀንሱት። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ ወጥቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ሄሊኮፕተሩ የሚሰማው 3,900 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ነው። እኛ ብርድ ነው ብለን ጋቢ የምንደርብበት አገር ለሞተሩ ሞቃት ነው!

እስቲ በወረቀት እንሥራው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ በአየር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 45 ደቂቃ ይወስዳል። መነሻው አዲስ አበባ ከሆነና መንዝ ላይ የአውሮፕላን ነዳጅ ከሌለ፣ የደርሶ መልስና የመጠባበቂያ ነዳጅ ይዞ መምጣት አለበት። እነዚህ ሄሊኮፕተሮች በሰዓት 200 ኪሎ ገደማ ስለሚያቃጥሉ፣ ሕመምተኛዋን ጭኖ ሲነሳ ገና 250 ኪሎ ነዳጅ በሆዱ አለ። አብራሪ፣ ሁለት የሕክምና ባለሙያና ሕመምተኛዋ 300 ኪሎ ያልፋሉ። አልጋው፣ ኦክስጅኑና መሣሪያው ሌላ 200 ኪሎ ነው እንበል። ባዶ ክብደታቸው እንደ ዓይነቱ ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሁለት ቶን ስለሚደርስ፣ ጠቅላላው ከ2.3 እስከ 2.8 ቶን ይሆናል። የተፈቀደላቸው ከፍተኛ ክብደት ደግሞ 3 ቶን ዙሪያ ነው፤ ኤች 135 ከ3 ቶን ትንሽ ዝቅና ከፍ ይላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ 3,175 ኪሎ ናቸው። ያየነው ሰንጠረዥ «ችግር የለም» ይላል። ችግሩ ይህ ቁጥር ስለ ክብደት እንጂ ስለ አየሩ አለመናገሩ ነው። ስለ አየሩ የሚናገረው የበረራ መመሪያው ውስጥ ያለው ግራፍ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አልከፈተውም። እኔም ጭምር።

«ታዲያ ሁለት ሞተር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። በጣም ይጠቅማል። ግን ለከፍታ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያረፈው ሄሊኮፕተር ኤኤስ350 የሚባል፣ ክብደቱ የተቀነሰለት ባለ አንድ ሞተር ነው። ባለ ሁለት ሞተር የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ያደገው እንደ ጀርመን ባለ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሙኒክ ላይ «ክሪስቶፍ 1» ሥራ ሲጀምር። ሙኒክ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሦስቱ ማሽኖች ጥሩዎች ናቸው፤ ጥያቄው የኛ ሜዳ የት ነው የሚለው ነው።

ከፍታውን ወደ ጎን ብናደርገው እንኳ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ኤች 135 እና ቤል 429 አልጋ ከኋላ በሚከፈት በር ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ኤደብልዩ 109 ላይ ከጎን ነው። ኤች 135 የጅራቱ ተሽከርካሪ በቀለበት ውስጥ የተሸፈነ ነው፤ የሁለቱ ግን ክፍት ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ገጠር ላይ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል አገሩ በሙሉ ሮጦ ይመጣል። የሚሽከረከር ጅራት ደግሞ ለዓይን አይታይም። ኤደብልዩ 109 በብዛት የሚሠራው በጎማ ነው፤ ለክረምት ጭቃ ትሬከር የሚባለው ባለ ብረት እግሩ ይሻላል። ያን የወደድኩትን ፍጥነት ስናሰላው ደግሞ፣ በ170 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሚያተርፍልን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? የእኔ ድምፅ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ኤች 145 ላይ ነው። አዲሱ ባለ አምስት ክንፍ ዓይነት እስከ 3,800 ኪሎ ይነሳል፤ በሩ ከኋላ ነው፤ ጅራቱም የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሙከራ በተደረገ በረራ አርጀንቲና ውስጥ አኮንካግዋ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 6,962 ሜትር ላይ አርፏል። ስዊዞችም ለተራራ ኤደብልዩ 109፣ ለሜዳ ኤች 145 ይዘው ሲሠሩ ቆይተው፣ የነፍስ አድን ድርጅታቸው ሬጋ ሁሉንም በባለ አምስት ክንፉ ኤች 145 ለመተካት ወስኗል። አንድ ዓይነት ሲሆን ሥልጠናውም መለዋወጫውም ይቀላል። ግን ለዚህም ቢሆን ግራፉ ይከፈት። የአኮንካግዋው በረራ ሕመምተኛና አልጋ አልጫነም።

ደግሞ ዋጋው መግቢያ በር ብቻ ነው። ሁለት ሞተር ማለት ሁለት የእድሳት ሒሳብ ነው። የአብራሪ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ፣ ከሁሉም በላይ የአካባቢው ሰላም አለ። ማሽኑን ገዝተን የዓመት ወጪውን ካላሰብን፣ በሁለተኛው ዓመት ሸራ ለብሶ ይቆማል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሬጋን የሚያቆመው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጣ ብዙ ሕዝብ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎትም የአባልነት ክፍያ አለው፤ የሚበረውም በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። እኛም መጀመሪያ የአባል መዝገብ እንክፈት። ከዚያ ፈቃድ ካለው ድርጅት ለጥቂት ወራት ተከራይተን እንሞክር። የሦስት ዓመት ወጪ የሚሸፍን ቃል ኪዳን ካልተገኘ፣ ገንዘቡ ለመኪና አምቡላንስና ለጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ቢውል ይሻላል። መጥኖ መደቆስ የሚባለው ይኸው ነው።

እስከዚያው ለሻጮች ሁሉ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንጻፍ። «3,000 ሜትር ላይ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ አብራሪ፣ ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ሕመምተኛ፣ 250 ኪሎ ነዳጅ ተይዞ ከትምህርት ቤት ሜዳ ሲነሳ፣ በክፉው ሰዓት አንድ ሞተር ቢጠፋ ምን ይሆናል? በግራፍ አሳዩን።» በግራፍ የመለሰውን እንሰማዋለን። በሚያብረቀርቅ ፎቶ የመለሰውን እናመሰግነውና እንሸኘው።

እማማ፣ ለእርስዎም ትክክለኛው መልስ ይኸው፤ እንደ ጭነቱ፣ እንደ ከፍታውና እንደ ሙቀቱ ነው። አንዳንዴ ያደርሰናል። አንዳንዴ ግን ሁለተኛው ሞተር የሚሰጠን ወደን ያልመረጥነውን ማሳ ለመምረጥ የሚሆን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ በእርስዎ ፊት እደግመዋለሁ። እስከዚያ ግን ማንም ቀብድ እንዳይከፍል አደራ።

ቸር ይግጠመን።