እምቢታው ጥጋብ ያልሆነ ልጅ

በጌዴኦ ዞን ወናጎ ውስጥ የሚኖር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እናስብ። ማታ «ነገ ከአባባ ጋር ዲላ ገበያ እሄዳለሁ» እያለ ሲፈነድቅ ያመሻል። ጠዋት አባቱ «በል ተነሥ፣ ልበስና እንሂድ» ሲለው ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ ይላል። ቀጥሎ ድመት ሆኛለሁ ይላል፤ ድመት ደግሞ ሱሪ አትለብስም። እጁን ሲይዙት ይጮኻል፣ ይናከሳል፣ ያገኘውን ይወረውራል። ገበያው ይቀራል፤ ልጁም በመቅረቱ ምርር ብሎ ያለቅሳል። ጎረቤቱ «ጥጋብ ነው፣ አርጩሜ ያስተካክለዋል» ይላል። አያቱ ጸሎት ያስፈልገዋል ትላለች።

ልብ ልንል የሚገባው ልጁ የናፈቀውን ነገር ጭምር መሸሹን ነው። የጠገበ ልጅ የማይፈልገውን እምቢ ይላል፤ የሚፈልገውን ግን ሮጦ ይወስዳል። ይህኛው የሚሸሸው ሥራውን ወይም ጉዞውን ሳይሆን «አድርግ» መባሉን ነው። አንዳንዴ ትእዛዙ ከሰው እንኳ አይመጣም፤ ራሱ ረሃቡ ወይም ሽንቱ ሲያጣድፈውም ይሸሻል።

ፕሮፌሰር ኤልዛቤት ኒውሰን የተባሉት እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ኖቲንግሃም ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለይተው መግለጽ ጀመሩ፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕክምና መጽሔት ታተመ። ዛሬ ባሕርዩ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ፒዲኤ ይባላል፤ ትእዛዝን ከልክ በላይ መሸሽ ማለት ነው። ልጆቹ ሲሸሹ ብልሃተኞች ናቸው፤ ወሬ ይቀይራሉ፣ ሰበብ ይደረድራሉ፣ ያሞካሻሉ፣ ሌላ ፍጡር መስለው ይጫወታሉ። ብልሃቱ ሲያልቅባቸው ይፈነዳሉ። ይህን የሚያይ ሰው ተንኮል ቢመስለው አይገርምም። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ከሥሩ ጭንቀት አለ ይላሉ፤ ትእዛዝ ሲመጣ ልጁ ነገሩ ከእጁ የወጣ ይመስለዋል፣ ልቡ ይመታል፣ አካሉ አደጋ እንዳየ ሰው ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ምክር አይገባውም። ዱላ ደግሞ ፍርሃቱ ትክክል እንደነበር ያረጋግጥለታል።

ፒዲኤ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ሆነ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኖ አልተመዘገበም። አንዳንዶች የኦቲዝም አንድ መልክ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ለብቻው ስም መስጠቱን ይቃወማሉ። ወላጅን የሚጠቅመው ስሙ ሳይሆን ከእምቢታው ጀርባ ፍርሃት ሊኖር እንደሚችል ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለው ልጅ በእኛ አገር በተለይ ይከብደዋል። የልጅ ጨዋነት የሚለካው ሲላክ እሺ በማለቱ ነው፤ የሚልከውም ወላጁ ብቻ አይደለም። አክስት፣ ጎረቤት፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሽማግሌ ሁሉ «ና እስቲ ልላክህ» ይለዋል። በጌዴኦ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ወናጎ ላይ አንዱ ደጅ ከሌላው ብዙ አይርቅም። ውሃ መቅዳት፣ ታናሽን ማዘል፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ለቀማ አለ። ትእዛዝ ለሚያስፈራው ልጅ ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ማስፈራሪያ ሊሆንበት ይችላል።

እርግጥ ነው፣ እምቢ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲህ አይደለም። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ እምቢ ማለቱ የማደግ ምልክት ነው። በደንብ የማይሰማ ልጅ፣ ለቅጽበት የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የተራበ ወይም ትምህርት ቤት የሚያስጨንቀው ነገር የገጠመውም የማይታዘዝ ሊመስል ይችላል። አስቀድሞ እነዚህን ማጣራት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚለወጠው በመጀመሪያ አነጋገራችን ነው። «ጫማህን አድርግ!» ከማለት «ጫማዎቹ በሩ ጋ ናቸው» ብሎ ዞር ማለት። «ውሃ ቅዳ» ከማለት «በትልቁ ጀሪካን ይሻላል በትንሹ?» ብሎ መጠየቅ። «ዶሮዎቹ የራባቸው ይመስለኛል» ብሎ ዝም ማለት፣ ልጁ ራሱ አስቦ እንዲነሣ ጊዜ መስጠት። ድመት ከሆነም «ድመቷ ምን ለብሳ ገበያ ትሄድ ይሆን?» ማለት ይቻላል። ጎን ለጎን መሥራትም ይረዳል፤ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ እናት ፍሬውን ከጉድፉ እየለየች ብትቀመጥ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ እጁን ሊያስገባ ይችላል። ያኔ «ጎበዝ! ነገም እንደዚህ!» ማለት ግን ሌላ ትእዛዝ መጨመር ነው፤ ሽልማትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ትናንት የሠራው ዘዴ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ይህ የወላጅ ጥፋት አይደለም።

ይህ ልጁን መረን መልቀቅ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። የማይነኩት ጥቂት ሕጎች ይቀራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ወናጎን አቋርጦ ያልፋል፤ መኪና መንገድ ላይ ድርድር የለም። ግን ሃያ ሕግ ካለን አሥራ ሰባቱን ብንተው፣ ልጁ ሦስቱን ለመሸከም አቅም ያገኛል። ሲፈነዳ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ተመልካቹን መበተን፣ የሚጎዳውን ነገር ማራቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። ወዲያው «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አይባልም።

ትምህርት ቤት ሌላ ፈተና ነው። አንዳንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ጭንቀቱን አምቆ ይውልና ቤት ሲገባ ይፈነዳል፤ መምህሩ «እኔ ጋ ጨዋ ነው» ሲል፣ ወላጁም «ቤት ይፈነዳል» ሲል ሁለቱም እውነት ነው። ተማሪ በበዛበት ክፍልም ቢሆን መምህሩ ልጁን በሰው ፊት ከማዘዝ ተጠግቶ ቀስ ብሎ ቢነግረው፣ ሲጨንቀው ወጣ ብሎ የሚመለስበትን ምልክት ቢስማሙ ወጪ የለውም።

ወላጆችን የሚከብዳቸው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ኀፍረትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን አነጋግሮ፣ ግማሽ የሚጠጉት በልጁ ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው አግኝቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማእከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነው፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ልጆች ከቤት እንዳይደበቁ በአደባባይ ተሟግተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፣ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሊያስተምረው ይችላል። ለፒዲኤ ብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ ግን ከልጅ ጋር መጫወትንና ባሕርይን ከመነሻው መረዳትን ያስተምራል።

እርዳታ ለሚሻ ወላጅ ከወናጎ ቅርብ የሆነው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያው በር ግን የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ስትሄዱ «አይታዘዝም» ብቻ አትበሉ። ማን፣ የት፣ ምን ሲለው እንደ ጀመረው፣ ቀድሞ በልቶና ተኝቶ እንደ ነበር፣ በምን እንደ በረደ ተናገሩ። የሚወደውን ጭምር እንደሚሸሽ መናገር አትርሱ፤ ይህን እምቢታ ከሌላው ለመለየት ባለሙያውን በእጅጉ የሚረዳው እሱ ነው።