የሥራ መንገድዎ ልምምድ ይሁን
ወደ ሥራ በብስክሌት መመላለስ እውነተኛ የአካል ብቃት ልምምድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ለመሄድ 15፣ ለመመለስ 15 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ በአምስት የሥራ ቀን ይህን ይሞላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ260 ሺህ በላይ የብሪታንያ ነዋሪዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በብስክሌት የሚመላለሱ ሰዎች በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በመኪና ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚሄዱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። “ብስክሌት የሚመርጠው ድሮውንም ጤነኛ የሆነው ነው” ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ዕድሜ፣ ማጨስና አመጋገብ ታሳቢ ተደርገውም ልዩነቱ አልጠፋም።

“ቀስ ብሎ መንዳት ምን ለውጥ ያመጣል?” የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት የሚነዳ ሰው መሻሻሉ ይቆማል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ሲመለሱ፣ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አንድ ደቂቃ ጠንከር አድርጎ ፔዳል መርገጥ፣ ሁለት ደቂቃ ማላላት፣ ይህንንም አምስት ጊዜ መደጋገም። በቀሪዎቹ ቀናት ሳይቆራረጥ ማውራት የሚያስችል ፍጥነት ይበቃል። የመንገዱ አደጋ እውነት ነው፤ ስለዚህ ሄልሜትና መብራት አይቅሩ፣ ረዘም ቢልም ጭር ያለውን መንገድ ይምረጡ። የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።