ያገለገለ ባንድ ሶው፦ ከመግዛት እስከ መቁረጥ

ስጋ ቤት ውስጥ አጥንት የሚቆርጠውን ማሽን ያየ ሰው ባንድ ሶውን ያውቀዋል። የእንጨቱም አሠራር ያው ነው። ዙሪያቸውን ጎማ የለበሱ ሁለት መንኮራኩሮች ላይና ታች ይቀመጣሉ፤ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ቀጭን ምላጭ በሁለቱ ላይ እንደ ቺንጋ ይዞራል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዊልያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1809 የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ ግን የዚያ ዘመን ምላጭ ያን ሁሉ መታጠፍና መዘርጋት አልቻለውም። በ1846 የምላጩን ጫፎች ለመበየድ የሚያስችል ዘዴ ያስመዘገበችው አን ፖላን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት ናት። ሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ያገለገለ ባንድ ሶው ማግኘት አይከብድም። ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ቤት ሲቀይር በጋራዡ የኖረውን ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ ዴልታ ወይም ሮክዌል የሚል ስም ያለበት ባለ 14 ኢንች ማሽን ነው፤ ሮክዌል በ1945 ዴልታን ስለገዛው ሁለቱም ስም አንድ ቤተሰብ ነው። ምላጩ 93 ኢንች ተኩል ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም ይህንኑ ንድፍ ስለቀዱት ዛሬም ምላጩና መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል።

ለእኛ ሰው ደግሞ ይህ ማሽን ሌላ ጥቅም አለው፦ የረከቦት እግር። የተጠማዘዘ ነገር በጠረጴዛ መጋዝ አይቆረጥም። እንጨቱም ሰፈራችን ውስጥ አለ። ዐውሎ ነፋስ የጣለውን ፔካን ወይም መስኪት ሰው መንገድ ዳር አውጥቶ ይጥለዋል፤ መስኪት ደግሞ ሲደርቅ ብዙ የማይኮማተር ጥሩ እንጨት ነው። ባንድ ሶው ወፍራሙን ሰንጥቆ ስስ ጣውላ ያደርግላችኋል።

ለመግዛት ስትሄዱ የጠረጴዛው ዝገት አያስደንግጣችሁ። የሚያስደነግጠው ስንጥቅ ነው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ መንኮራኩሮቹን በእጃችሁ አዙሩ፤ ቢንገዋለል ወይም ቢያንገጫግጭ ኩሽኔታው አልቋል። (አባቴ ‹ኩሽኔታ› የሚለው ቤሪንግን መሆኑ የገባኝ ይህን ማሽን አብረን ስንፈታ ነው። ሞላ፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው።) ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከዚያ የላይኛውን መንኮራኩር የተሸከመውን ብረትና ምላጩን የሚወጥረውን ሞላ እዩ። ለዓመታት ተወጥሮ የተተወ ማሽን ላይ ብረቱ ይጣመማል፣ ሞላውም ይደክማል። ከጠረጴዛው ሥር ያሉት ማዘንበያዎችም ተሰንጥቀው እንደሆነ በባትሪ አብርታችሁ ፈትሹ። ዋናው የብረት አካል ከተሰነጠቀ ግን አመስግናችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

ቤት ከገባ በኋላ ዝገቱን ዘይትና ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያነሱታል። ትንንሾቹን ክፍሎች አቼቶ ውስጥ አሳድሩ፣ በማግስቱ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ጠረጴዛውን ሰም ቀቡት፤ በእኛ አገር የበጋ እርጥበት ባዶ ብረት ቶሎ ይዝጋል። (‹በእኛ አገር› ያልኩት ቴክሳስን ነው።) የድሮ ቀለም ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበትም አትሥሩ። የእንጨት ብናኝም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር አምጪ ከሚላቸው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ደህና ማስክ አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሻጩ ‹ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም› ብሎ በርካሽ የሚሰጣችሁ ማሽን ብዙ ጊዜ ያልተበላሸ ነው፤ ያልተስተካከለ እንጂ። ማስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው። ነርሲንግ ላይ መጀመሪያ የአየር መተላለፊያ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውር እንደምንለው ነው፤ አንዱን ብትዘሉ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ።

መጀመሪያ አዲስ ምላጭ ግዙ፤ በደነዘ ምላጭ ምንም መመርመር አይቻልም። የመንኮራኩሮቹ ጎማ ከተሰነጠቀ አሁኑኑ ቀይሩት። ምላጩን ይዘው የሚመሩትን ጋይዶች ሁሉ ከመንገድ አርቁ። ምላጩን ጥርሱ ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ አስገቡና ወጥሩት። የድሮ ማሽን የውጥረት መለኪያ ስለማይታመን የላይኛውን ጋይድ 6 ኢንች ያህል ከፍ አድርጋችሁ ምላጩን በጣት ወደ ጎን ግፉት፤ ሩብ ኢንች ያህል ከሄደ ለመነሻ ይበቃል። ቀጥሎ መንኮራኩሩን በእጅ እያዞራችሁ፣ ምላጩ ጎማው መካከል ላይ ተረጋግቶ እስኪሄድ ድረስ ከኋላ ያለውን ማዘንበያ በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ። ሞተሩን ለማስነሳት አትቸኩሉ።

ጋይዶቹ የሚጠጉት ከዚህ በኋላ ነው። ግራና ቀኙን ከጥርሶቹ ሥር ትንሽ ወደ ኋላ አቁሟቸው፤ ጥርሱን ከነኩት ያበላሹታል። ክፍተቱን ለመለካት የአንድ ዶላር ኖት ምላጩና ጋይዱ መካከል አስገቡ፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ልክ ነው። ከኋላ የሚደግፈው ኩሽኔታ እንጨት ሳይገፋ ምላጩን መንካት የለበትም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በስኳድራ ከምላጩ ጋር ቀጥ አድርጉ። አሁንም መጋዙ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ የማሽኑ ጠባይ ነውና ቀጥታ ማስያዣውን በዚያው አቅጣጫ ትንሽ አዙሩት። ሥራ ስትጨርሱ ምላጩን አላሉት።

ባንድ ሶው እንደ ጠረጴዛ መጋዝ እንጨት ወደ ሰው አይወረውርም፤ ኃይሉ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫነዋል። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ይመስለኛል። የላይኛውን ጋይድ ከእንጨቱ በላይ ሩብ ኢንች ድረስ አውርዱት፤ ከዚያ በላይ የተጋለጠ ምላጭ ሁሉ ለጣት ክፍት ነው። ክብ ግንድ ስለሚንከባለል ሳይታሰር አይቆረጥም። ምላጩን ስትቀይሩ ጓንት አድርጉ፣ ስትቆርጡ ግን አውልቁት፤ ቀለበትና የተንዘረፈፈ ነጠላም እንደዚሁ። ማጥፊያውን ከተጫናችሁ በኋላም ምላጩ ለጥቂት ጊዜ ይዞራል።

ጣት ቢቆረጥ 911 እየደወላችሁ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። የተቆረጠውን ጣት በእርጥብ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልላችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽጉት፣ ከረጢቱን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ አድርጉትና ከሰውየው ጋር ላኩት። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ከነካው ሥጋውን ስለሚያቃጥለው ሐኪሙ መልሶ መስፋት ሊያቅተው ይችላል።