በበለጠ ጌራ ደኑ ጠባቂ አገኘ፤ አራዊቱስ?

በጅማ ዙሪያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠራው የሸቤ ሶምቦንና የጌራን ወረዳዎች ይዞ የተዘረጋው የበለጠ ጌራ ደን ነው። ጉሬዛ፣ ዝንጀሮ፣ ድኩላ፣ ጥርኝና ነብር ይኖሩበታል፤ ብሔራዊ ፓርክ ግን አይደለም። አራዊቱ የሚውሉት ገበሬው ቡና በሚለቅምበትና ቀፎ በሚሰቅልበት ጫካ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጥበቃ ማለት ገበሬውን ማሠልጠንና ከእሱ ጋር መዋዋል ነው።

ውሉ በደንብ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። የጃፓኑ የልማት ተራድኦ ድርጅት ጃይካና የኦሮሚያ ክልል አሳታፊ የደን አስተዳደርን ሲያስገቡ፣ በየቀበሌው «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና» የሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር ተቋቋመ፤ የአገሩ ሰው በአጭሩ ዋቡብ ይለዋል። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ወሰን ያሰምራል፤ ከወሰኑ ወዲያ አዲስ እርሻ እንዳይከፈት ይጠብቃል። በምላሹ የጫካውን ቡናና ማር የመጠቀም መብቱ በውል ይጸናለታል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአርሶ አደር የመስክ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ጥቁር ሰሌዳ የላቸውም፤ ገበሬዎች በቡድን አንድ ማሳ ላይ እየተገናኙ ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ይሞክራሉ፣ የትኛው እንደሚሻል በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። የደኑ ቡናም አካባቢን ለማይጎዳ ምርት የሚሰጠውን የሬይንፎረስት አሊያንስን ምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ጀመረ።

ውጤቱን የለኩት ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በማኅበራቱ ሥር ያለው ደን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካይ 1.5 በመቶ ሲጨምር፣ ማኅበር የሌለበት 3.3 በመቶ ቀንሷል። ይሁንና ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ደኑ ማኅበር ከሌለበት ይበልጥ ተመናምኖ ነበር። ደንቡ ሳይጠብቅ የቻልነውን እንቁረጥ የተባለ ይመስላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ወሰን ከመሰመሩ በፊት መተማመን ካልተገነባ፣ የጥበቃው ዜና ራሱ መጥረቢያ ያስመዝዛል።

ከጅማ ወጣ ሲሉም ተመሳሳይ ሥራ አለ። ከፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል። በከፋ የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ናቡ ከየአካባቢው የተመለመሉ ወጣቶችን አሠልጥኖ ለጥበቃ አሰማርቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ከቤልጂየም ተቋማት ጋር ለዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥላ ዛፍ ሥር በሚለማ ቡና ውስጥ የተገኙት የወፍ ዝርያዎች በአጠገቡ ካለው ደን ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ግን ከዛፍ በታች ባለው ቁጥቋጦ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች ደኑን ይመርጣሉ። የቡናው ምርት እንዲጨምር ሥሩ ሲመነጠር ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

እስካሁን ያልተሞላው ጉድለት ከጫካው ጠርዝ ያለው የበቆሎ ማሳ ነው። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የጫካ አሳማ ይገባበታል። እሸቱ ሲደርስ አባወራው ማማ ላይ ያድራል፣ ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ይጠብቃል። በምስክር ወረቀቱ የሚገኘው ጭማሪ ለቡናው እንጂ ለተበላው በቆሎ አይከፈልም። በዱር እንስሳት ላይ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል፤ ማማው ላይ ለሚያድረው ሰው ግን ሕጉ ሩቅ ነው። ሕጉ ከጥርኝም ሩቅ ነው። በሊሙ በኩል ለዝባዱ ሲባል ከዱር እየተያዘ በጠባብ ሳጥን ይኖራል። ያው ጥርኝ በዱር ሳለ የበላውን ፍሬ ዘር ከእዳሪው ጋር እየጣለ ደኑን መልሶ ይተክላል። ስለ አያያዙ ለባለ ጥርኞች የሚሰጥ ትምህርት ከቡናው ሥልጠና እኩል ሊታይ ይገባዋል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ የታወቀ ነው። ዋቡቦቹም እዚያው አሉ። ቀጣዩን ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ እባካችሁ በበቆሎ ጥበቃው ጀምሩ፤ አስተማሪውም ማማ ላይ ያደረው ገበሬ ይሁን።